ለሁለት ሰው የተሠራች ጀልባ

ሽማግሌ ፈርቶ ሐይቅ ላይ የተደበቀ አባት ከካሳሁን በፊት በአሜሪካዋ ኮለምበስ ከተማ ስለመኖሩ የሰማ የለም። እሱ ግን ተደበቅሁ አይልም። «ባስ የሚባለውን ዓሣ ላጠምድ ነው የምሄደው፤ ወቅቱ ነዋ!» ይላል። አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይህ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቢሩክ የሚባል ልጅ የካሳሁንን ልጅ ሔርሞንን ለማግባት ሽማግሌ ከላከ ሰነባብቷል። ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ የመጡት በፋሲካ ማግስት ነበር። ካሳሁን በወጉ ተቀብሎ፣ አብልቶ አጠጥቶ፣ «እስቲ ከዘመድ ልምከር» አላቸው። ይኼ ምንም አይደለም። በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት ልጁ የከበደችበት ይመስላል። ሁለተኛ ሲመጡ ግን ወደ መስኮቱ ዞሮ፣ «አሁን ባሶቹ ዕንቁላል የሚጥሉበት ሰሞን ነው፤ እሱ ይለፍና እንነጋገራለን» አለ። ሚስቱ ማሚቴ የያዘችውን ትሪ አስቀምጣ ወደ ጓዳ ገባች። ሳቋን ልትደብቅ ይሁን ንዴቷን አልታወቀም። በሳምንቱ ወሬው ቤተ ክርስቲያኑን አዳረሰውና፣ ከአምልኮ በኋላ ያገኘው ሁሉ «ጋሽ ካሳሁን፣ ባሶቹ እንዴት ናቸው? በሰላም ተገላገሉ?» እያለ ያሾፍበት ጀመር።

ካሳሁን ቢሩክን ጠልቶት አይደለም። እንከን ፈልጎለት አጥቷል። ልጁ ፖላሪስ በሚባለው ሰፈር አካባቢ ጥሩ ሥራ አለው፤ እሑድ እሑድ ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ወንበር የሚሰበስበው እሱ ነው፤ ካሳሁንን ሲያይማ እሳት እንደነካው ብድግ ይላል። ችግሩ ሌላ ነው። ሔርሞን በልጅነቷ አሜሪካ የገባች ሰሞን አፏን ዘግታ ነበር። ትምህርት ቤትም ዝም፣ ቤትም ዝም። ማሚቴ ስታለቅስ፣ ካሳሁን የሚያደርገው ቢጠፋው ከሥራ ባልደረባው በገዛት አሮጌ የአሉሚኒየም ጀልባ አሳፍሮ አለም ክሪክ ሐይቅ ወሰዳት። የመጀመሪያዋን ባስ የያዘች ጊዜ የጮኸችው ጩኸት እስከ ዛሬ ጆሮው ላይ አለ። ሲመለሱ መንገዱን ሙሉ ስታወራ መጣች። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ፀደዩ አልፎ በጋው ሲገባ ቅዳሜ ጠዋት የሁለቱ ነው፤ እሷ ከፊት፣ እሱ ከኋላ ሞተሩ ጋ። አሁን ነርስ ሆና ዎርዝንግተን ሰፈር ሆስፒታል እየሠራች እንኳ ቅዳሜን ለማንም አትሰጥም። ካሳሁን የፈራው ያንን የፊት መቀመጫ ባዶ ሆኖ ማየት ነው። ይህን ለማንም አልተናገረም። ትልቅ ሰው በመቀመጫ ምክንያት ልጁን አልድርም ቢል ምን ይባላል?

አምና ሔርሞን፣ «ዳድ፣ ቢሩክ አንድ ቀን ከኛ ጋር ይምጣ?» ብላው ነበር።

«ጀልባዋ እኮ ለሁለት ሰው ነው የተሠራችው» አላት።

ይህን ሲል ከበስተጀርባው፣ ጋራዡ ግድግዳ ላይ፣ ሦስተኛው ላይፍ ጃኬት፣ ውኃ ላይ የሚያንሳፍፈው ሰደርያ፣ ተሰቅሎ ነበር። ለማሚቴ የተገዛ ነው፤ እሷ ውኃ ስለምትፈራ አንድም ቀን አልለበሰችውም። ሔርሞን ጃኬቱን አየችው፣ አባቷን አየችው፣ ከዚያ ወደ ቤት ገባች።

ጁን ገብቶ ውኃው ሞቀ። አንድ ዓርብ ማታ ሔርሞን ደወለች። «ዳድ፣ አይ አም ሶ ሶሪ፤ ነገ የሰው ሺፍት ከቨር እንዳደርግ ለምነውኛል። አንተ ግን ሂድ፤ እንዳትቀር» አለችው። ካሳሁን ቅር እያለው ብቻውን ሄደ። ገና ጎሕ ሲቀድ ጀልባዋን ከተጎታቹ አውርዶ ውኃ ላይ አሳርፎ ዘንጎቹን ሲያስተካክል፣ ጠጠሩ ላይ የጫማ ኮቴ ሰማ። ዘወር ቢል ሦስት ሱፍ የለበሱ ሰዎች ተሰልፈው ይመጣሉ። ከፊት የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ጋሽ ወልደየሱስ ከነከረቫታቸው፤ ከኋላቸው ሪከንባከር አየር ማረፊያ አብሮት ጭነት የሚያራግፈው ጎረቤቱ ሳላሃዲን፤ በመጨረሻ የከባድ መኪና ሾፌሩ ሲራክ። ሐይቁ ሰፊ ነው፤ ካሳሁን ከዚህች ጥግ እንደሚነሣ የምታውቅ አንዲት ሰው ብቻ ናት።

«ካሳሁን፣ እንደምን አደርክ?» አሉ ጋሽ ወልደየሱስ። «ውኃው ሞቋል ሲሉ ሰማን።»

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ እንደምን አደሩ ጋሼ? እኔ እንኳ ልሄድ ነው። ዓሣ ሰው አይጠብቅም።» ከዚያ መላ መጣለት። «የግድ ዛሬ ካላችሁ፣ እንግዲህ ጀልባው ላይ ነው የምንነጋገረው።»

በዚያ ሱፍ አይገቡም ብሎ ነው። ጋሽ ወልደየሱስ ግን ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው ጫማቸውን አወለቁ፣ ካልሲያቸውን ጫማው ውስጥ ከተቱ፣ ሱሪያቸውን ወደ ላይ ጠቅልለው ገቡ። ሳላሃዲንም ተከተላቸው። ሲራክ ውኃውን አየና፣ «እኔ መሬት ላይ ሆኜ እጸልይላችኋለሁ» አለ።

«ላይፍ ጃኬት የለኝማ ለሁለታችሁ!» አለ ካሳሁን፣ የመጨረሻ ተስፋው ነበረች።

«መኪናህ ኋላ ላይ አንድ አየሁ መሰለኝ» አለ ሲራክ፤ ሄዶም ይዞት መጣ። የማሚቴ ጃኬት ነው። ካሳሁን ከጋራዡ አላወጣውም። ማን እንዳወጣው ለማወቅ ብዙ ማሰብ አላስፈለገውም። ልጁ ይህን ያህል ካቀደች፣ ይህን ያህል ፈልጋዋለች ማለት ነው።

ትንሿ ኤሌክትሪክ ሞተር ያለ ድምፅ ወሰደቻቸው። ከዳርቻው ራቅ እንዳሉ ጋሽ ወልደየሱስ ጉሮሯቸውን ጠርገው ብድግ አሉ። የሽማግሌ ወግ ነው፤ ልመና ተቁሞ ነው። ሲቆሙ ካሳሁንን አንቱ አሉት።

«አቶ ካሳሁን! ልጅዎን ለልጃችን...»

ጀልባዋ ወደ ግራ ዘመመች። ሳላሃዲን «ያ አላህ!» ብሎ የጋሽ ወልደየሱስን ቀበቶ ያዘ።

«ጋሼ ይቀመጡ! እባክዎ ይቀመጡ!»

«እሺ ሳንባል አንቀመጥም!»

«ሦስታችንም እንሰጥማለን እኮ!»

«ሰምቶ ከመሞት ሳይሰሙ መሞት ይሻላል?» አሉ ጋሽ ወልደየሱስ፣ ምን ማለታቸው እንደሆነ ራሳቸውም ሳይገባቸው። ጀልባዋ ወደ ቀኝ ስትዘም ግን ወጉን ትተው ዘፍ አሉ። ትንፋሻቸው ሲመለስ፣ «ተቀመጡ ብሎናል፤ ይኼ ግማሽ እሺታ ነው» አሉ ለሳላሃዲን።

«አይቆጠርም!» አለ ካሳሁን። ዝም እንዲሉለትም ለሳላሃዲን ዘንግ ሰጠው፣ የጎማ ትሉን መንጠቆው ላይ ሰክቶ እንዴት እንደሚወረወር አሳየው። ሳላሃዲን ወረወረ። ምንም የለም። ደግሞ ወረወረ፣ ምንም የለም።

«ዓሣው የታለ? ባለፈው እዚሁ ዳር ዳሩን ነው የማጠምደው ብለኸኝ አልነበረም?»

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል። ካሳሁን ስለ ባስ ከተጠየቀ ማቆሚያ የለውም፤ ሽማግሌዎቹን ረሳቸው። «እሱ በፀደይ ነው። አሁን እኮ ዕንቁላል ጥለው ጨርሰዋል። ሴቶቹ ደክሟቸዋል፤ ወደ ጥልቁ ሄደው ያርፋሉ። እዚህ የቀረ ካለ አባት ነው። እዩ፣ እዚያ ጉቶው ሥር!»

አጎንብሰው አዩ። ውኃው ውስጥ ጢስ የመሰለ ጥቁር ነገር ይርመሰመሳል። ልብ ብለው ሲያዩት ዓሣ ነው፤ የምስር ፍሬ የሚያህሉ፣ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ጫጩቶች። ከሥራቸው አንድ ትልቅ ባስ ክንፉን እያርገበገበ ይዞራል።

«አባትየው ነው?» አሉ ጋሽ ወልደየሱስ። ማሽሟጠጣቸው አልነበረም፤ የምር ገርሟቸው ነው።

«አባትየው ነው። ጎጆውን የሠራውም እሱ ነው። ሳይበላ ነው የሚጠብቃቸው። አያችሁት እንዴት እንደ ከሳ? ማንም ሲጠጋ ይናከሳል። ለማጥመድ ቀላል ነው፤ እኔና ሔርሞን ግን ነክተነው አናውቅም። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ነው ያስተማርኳት።»

«እስከ መቼ ነው የሚጠብቃቸው?» አለ ሳላሃዲን።

«ራሳቸውን እስኪችሉ ነዋ። ከዚያ ይለቃቸዋል።»

«ባይለቃቸውስ?»

«ባይለቃቸው አይሆንም። ርቦታል እኮ። አጠገባቸው ከቆየ...» አለ ካሳሁን፣ ለሔርሞን በየዓመቱ እንደሚነግራት፣ «አጠገባቸው ከቆየ ራሱ ይበላቸዋል።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ካሳሁን የተናገረውን ራሱ ሰማው። ጋሽ ወልደየሱስ ባዶ እግራቸውን ማየት ጀመሩ፤ ሳላሃዲን ያልተቋጠረ ክር ይቋጥር ጀመር። ከርቀት ሲራክ በእጁ «ምን ሆነ?» እያለ ይጠይቃል።

ካሳሁን እንባው መጣ። አልደበቀውም፤ ጀልባ ላይ የት ይደበቃል? ያቺ አፏን ዘግታ የመጣች ልጅ፣ አሁን የልቧን ለመናገር ሦስት ሽማግሌ ሐይቅ ድረስ መላክ ነበረባት። ዝም ያሰኛት እሱ ነው። ይኼ ከሁሉም በላይ አሳፈረው።

«ጋሼ» አለ፣ «አሁን ይቁሙ።»

«ተው እንጂ ልጄ፣ ልንሰጥም!»

«እኔ እይዝዎታለሁ። በወጉ ይጠይቁኝ።»

ሳላሃዲን በአንድ በኩል፣ ካሳሁን በሌላ በኩል ቀበቶአቸውን ይዘውላቸው፣ ጋሽ ወልደየሱስ በማሚቴ ጃኬት ከረቫታቸው ታፍኖ ቆሙ፤ ድምፃቸውን ሞቅ አድርገው ልጅዎን ለልጃችን አሉ። ካሳሁንም «እሺ፤ ሰጥቻለሁ» አለ። አንዱ «አሜን!» ሲል ሌላው «አልሐምዱሊላህ!» አለ፤ ሲራክ ከዳር ሆኖ ወንድነቱን ረስቶ እልልታውን አቀለጠው። ራቅ ብሎ ያጠምድ የነበረ አንድ ፈረንጅ ትልቅ ዓሣ የተያዘ መስሎት አውራ ጣቱን አነሣላቸው።

ወደ ዳር ሲመለሱ ሔርሞን ቆማለች፤ እልልታውን ሰምታ ከመኪና ወርዳ ነው። የሥራ ልብስ አልለበሰችም፤ የማጥመጃ ኮፍያዋን ነው ያደረገችው። ቢሩክ ከኋላዋ እንደ ተከሳሽ እጆቹን አጣምሮ ቆሟል። ካሳሁንን ሲያይ መሬት ላይ ቆሞ ሳለ ደግሞ ብድግ ሊል ቃጣው።

«ሺፍቱስ?» አላት ካሳሁን።

«ካንስል አደረጉት» አለች፣ ፈገግታዋን ልትደብቅ እየታገለች። ዓይኗ ግን ቀልቶ ነበር። «ያዛችሁ?»

«እኔ ምንም አልያዝኩም። እነሱ ናቸው እኔን የያዙኝ።»

ሔርሞን ጀልባዋን አየች። አባቷን፣ ጋሽ ወልደየሱስን፣ ሳላሃዲንን አንድ በአንድ በጣቷ ቆጠረች። «ዳድ፣ ለሁለት ሰው ነው የተሠራችው አላልከኝም ነበር?»

ካሳሁን ጋሽ ወልደየሱስን ደግፎ አወረዳቸው፤ ጃኬቱን ከትከሻቸው ላይ አውልቆ ውኃውን አራገፈና ለቢሩክ ወረወረለት።

«ዋሽቼሽ ነው» አላት። «ለሦስት ነው። ነይ፣ ቦታሽ ላይ ተቀመጪ።»