የመሪጌታ እጅ

የኔዓለም ስድስተኛውን ወረቀት በግራ እጇ ጽፋ ስትጨርስ፣ ከኋላዋ ቆሞ ሲያይ የነበረው የሺዋስ ራሱን ነቀነቀ።

"ይሄም አያስፈራም" አላት። "ሰነፍ ተማሪ የጻፈው ነው የሚመስለው። ሰው ይስቅብናል።"

"በግራ እጅሽ ጻፊ ያልኸኝ አንተ ነህ።"

"ብዬሻለሁ፤ አሁን ሳየው ግን..." ቃሉ ጠፍቶበት እጁን አወናጨፈ። "የሞተ ሰው እጅ መምሰል አለበት፣ የኔ። ሰዉ ሲያየው ፀጉሩ ካልቆመ ቴአትሩ ሞተ ማለት ነው።"

የሺዋስ በደብረ ማርቆስ ወጣቶች የተቋቋመ የቴአትር ቡድን አዘጋጅ ነው። አዲሱ ተውኔታቸው ከሞተ በኋላ ቤቱን አልለቅም ስላለ አባወራ የሚተርክ ነው። በመጨረሻው ትዕይንት ከጣሪያው ላይ ነጭ አቡጀዲ ተዘርግቶ ይወርዳል፤ በአቡጀዲው ላይ አንድ ቃል ብቻ ይነበባል፦ "አልሄድሁም"። ያንን ቃል እንድትጽፍ የተለመነችው የኔዓለም ናት።

ከመናኸሪያው ጀርባ ባለች ጠባብ ሱቋ ውስጥ ያልሞከረችው ነገር የለም። የእንጨት ጫፍ አኝካ በተፈረከሰው ጻፈችበት። ክር ቀለም ውስጥ ነክራ ወረቀቱ ላይ ጎተተች። ቀለሙን አቅጥና ከፊደሉ እግር እንደ ደም እንዲንጠባጠብ ተወችው። ወረቀት ሻይ ውስጥ ዘፍዝፋ ፀሐይ ላይ አሰጣች፤ ጠርዙን በሻማ ለበለበች። ወረቀቱ አርጅቶ የመቶ ዓመት መሰለ። ፊደሎቹ ግን አምረው ቁጭ አሉ።

ችግሩ እጇ ነበር። ፊደል የቆጠረችው ከአባቷ ከመሪጌታ አካለ ወልድ እግር ሥር ተቀምጣ ነው። መሪጌታ ብራና ጸሐፊ ነበሩ። በይጁቤና በጉንደ ወይን ዙሪያ ባሉ አብያተ ክርስቲያናት የእሳቸው እጅ ያረፈበት መጽሐፍ አይታጣም። "ፊደል እንደ ዲያቆን ነው" ይሏት ነበር በልጅነቷ፤ "ቀጥ ብሎ ካልቆመ ቅዳሴው ይበላሻል።" ባነር የሚያትመው ማሽን ከተማውን እስኪሞላው ድረስም በዚያች እጇ የስንቱን ሱቅ ታፔላ ጽፋለች። አሁን በእጅ ጽሕፈት የሚያሠራት የለም፤ ማኅተምና የሠርግ ካርድ ታሠራለች። የሺዋስ ሲመጣ ደስ ያላትም ስለዚህ ነው። ከስንት ጊዜ በኋላ አንድ ሰው እጇን ፈልጎ መጣ።

"እስከ ቅዳሜ ስጠኝ" አለችው።

"ቅዳሜ ካላለቀ በኮምፒውተር አሳትመዋለሁ" ብሏት ወጣ።

ሐሙስ ጠዋት መሪጌታ ከጎረቤታቸው ከአቶ አማረ ጋር ቤተ ክርስቲያን ሄደው ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት የደም ግፊታቸው ጭንቅላታቸው ላይ ወጥቶ ቀኝ ጎናቸውን ይዞባቸዋል። ንግግራቸው ተመልሷል፤ በከዘራም ይራመዳሉ። ቀኝ እጃቸው ግን ኩባያ እንኳ አትይዝም። የኔዓለም ፍራሻቸውን ፀሐይ ላይ ልታወጣ ስታነሣው አንድ የተማሪ ደብተር መሬት ላይ ዱብ አለ።

መጀመሪያ የጎረቤት ሕፃን የረሳው መሰላት። ገልጣ አየችው። ከዳር እስከ ዳር ተጽፎበታል። መስመሮቹ ወደ ታች ይንሸራተታሉ። የ"አ" አንዱ እግር ተሰብሮ ይንጠለጠላል፤ የ"ም" ዓይኖች አንዱ ተደፍኖ ሌላው እንደተከፈተ አፍ ቀርቷል። ብዕሩ ወረቀቱን የቀደደበት ቦታ አለ። አባቷ በዚያች ትንሽ ክፍል ውስጥ እሷ ሱቅ ስትውል፣ በሞተች እጃቸው ለመጻፍ ሲታገሉ ከርመዋል።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች።

ቀጥሎ ያደረገችውን ነገር በኋላ ላይ ለመናገር ከበዳት። እንባዋን ጠረገች፤ ደብተሩን ራቅ አድርጋ ያዘች፤ አንገቷን ሰበር አድርጋ እንደ ባለሙያ አየችው። "ይሄው" አለች በልቧ። "ይሄ ነው።" ስልኳን አውጥታ ገጹን ሁሉ አንድ በአንድ ፎቶ አነሣችና ደብተሩን ወደ ቦታው መለሰች።

ሁለት ቀን ሱቋን ከውስጥ ዘግታ ሠራች። ፎቶውን እያሰፋች አንዷን ፊደል ብቻ ነጥላ፣ የተሰበረውን እግር፣ የተንቀጠቀጠውን መስመር ተከትላ እጇን አለማመደች። ለካ የሚያስፈራው አስቀያሚ ፊደል አይደለም፤ ለማማር እየታገለ ያቃተው ፊደል ነው። ቅዳሜ ከሰዓት አቡጀዲውን መሬት ላይ ዘርግታ በሰፊ ቡሩሽ፣ በጥቁር ቀለም ጻፈችው።

የሺዋስ በሩን ከፍቶ ሲያየው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

"በእመቤቴ!" አለ። "ከየት አመጣሽው?"

"ከኢንተርኔት" አለችው።

እሑድ ከሰዓት የከተማው አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ። ለአባቷ ስለ ቴአትሩ አንድም ነገር አልነገረቻቸውም። ነገር ግን መጋረጃው ሊከፈት ሲል ወደ ሕዝቡ ብታይ፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነጭ ጥምጥም አየች። መሪጌታ ጋቢያቸውን ለብሰው ከአቶ አማረ ጎን ተቀምጠዋል።

አቶ አማረ ከሩቅ አይቷት እጁን አውለበለበላት። "የልጅዎ ሥራ ይታያል ብዬ በባጃጅ አመጣኋቸው!" ብሎ ጮኸ፤ ፊቱ በደስታ በርቷል።

የኔዓለም ተነሥታ ልታስወጣቸው አሰበች። ምን ብላ? መጋረጃው ተከፈተ።

የመጨረሻው ትዕይንት ደረሰ። መብራቱ ቀነሰ፤ አቡጀዲው ከጣሪያ ተዘርግቶ ወረደ። አዳራሹ በጩኸት ተናወጠ። አንዲት ሴት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ወዲያው ደግሞ ድንጋጤ እንደሚያደርገው ሳቅ ተከተለ። ከመሪጌታ ኋላ የተቀመጠ ጎረምሳ እጁን በአየር ላይ እያንቀጠቀጠ እንደሚጽፍ ሰው አደረገ፤ ጓደኞቹ በሳቅ ፈረሱ።

መሪጌታ አልደነገጡም፤ አልሳቁምም። ወደ ፊት ዘንበል ብለው ጨርቁን ትክ ብለው ሲያዩ ቆዩ። የረቀቀ ብራና ሲመረምሩ እንደሚያደርጉት ከንፈራቸው ፊደል በፊደል ተንቀሳቀሰ። ከዚያ በግራ እጃቸው ቀኝ እጃቸውን አንሥተው ጋቢው ውስጥ አስገቡት።

ወደ ቤት ሲመለሱ ባጃጁ ውስጥ ያወራው አቶ አማረ ብቻ ነበር። ቤት ገብተው ሁለቱ ብቻ ሲቀሩ መሪጌታ አልጋቸው ላይ ተቀመጡ።

"ሰዉ ደነገጠ" አሉ።

"አዎ፣ አባ።"

"ያ 'አ'... እግሩ የወደቀው..." ወደ እሷ ጎንበስ አሉ። "ከየት ቀዳሽው፣ ልጄ?"

ጫማቸውን እያወለቀችላቸው ነበር። ቀና አላለችም።

"ከኢንተርኔት ነው፣ አባ። እንደዚህ ዓይነት ጽሕፈት ሞልቷል።"

"ደግ" አሉ መሪጌታ። "ደግ ነው። በርትተሽ ሠርተሽዋል።"

በማግስቱ ጠዋት ውኃ ልታሞቅ ወደ ጓሮ ስትወጣ ከሰል ምድጃው ውስጥ አመድ አገኘች። ከተቃጠለው ወረቀት መካከል ሁለት የጠቆሩ የደብተር ስፌት ሽቦዎች ይታያሉ። አባቷ ምድጃውን ያቀጣጠሉት በአንድ እጃቸው መሆን አለበት፤ ያለቁ ክብሪቶች ዙሪያውን ተበትነዋል።

እዚያው ቁጢጥ እንዳለች ስልኳን አወጣች። ፎቶዎቹ አሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ልታነባቸው ሞከረች። እስከዚያ ድረስ ያየችው እግርና ዓይን፣ ቅርጽና ጉብጠት ብቻ ነበር፤ ምን ተብሎ እንደተጻፈ አንዴም አልጠየቀችም። የመጀመሪያዎቹ ገጾች ጭረት ናቸው። በአራተኛው ላይ "የኔ" የሚል ለየች። በሰባተኛው ላይ ስሟ ሙሉውን ወጣ። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ተደጋግሞ፣ ከገጽ ገጽ እየጠራ፣ እየቆመ የመጣ፦

"ልጄ የኔዓለም፣ ይህን የጻፈው አባትሽ ነው።"

በመጨረሻው ገጽ ላይ "ጻ" በሁለት እግሩ ቆሞ ነበር።

ስትገባ መሪጌታ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ተቀምጠዋል። ከፊታቸው ተንበረከከች።

"አባ፣ ከኢንተርኔት አይደለም። ከእርስዎ ደብተር ነው የወሰድሁት። ፍራሹን ሳነሣ አገኘሁት። ሳላስፈቅድዎት ፎቶ አነሣሁት። ምን እንደሚልም አላነበብሁትም ነበር፤ አሁን ነው ያነበብሁት።"

"አውቄዋለሁ" አሉ። "ሰው እጁን አይስትም።"

"ይቅር ይበሉኝ።"

"ለትንሣኤ ላሳይሽ ነበር" አሉ መሪጌታ። "ካርድ ላይ ጽፌ።"

"አሁንም እኮ ይችላሉ፣ አባ። ሌላ ደብተር እገዛለሁ። እየተሻሻለ ነበር፤ የመጨረሻውን ገጽ አይቼዋለሁ።"

ቀኝ እጃቸው ጋቢው ሥር ናት። በመንገዱ የሚያልፉትን ተማሪዎች እስኪርቁ ድረስ በመስኮቱ በዓይናቸው ተከተሏቸው።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ" አሉ በመጨረሻ። "ሰዉ ትናንት የጮኸው... አንብቦት ነው፣ አይቶት?"

የኔዓለም የትኛውን መልስ እንደሚሹ አወቀች። ሃምሳ ዓመት የጻፉት ሰው እንዲያነበው ነው። አንብበው የደነገጡ ከሆነ ፊደሉ ገና ፊደል ነው፤ አይተው የጮኹ ከሆነ ግን ቁስል ነው፤ ሰው የሚሸሸው ቁስል። "አንብበው ነው" ብትላቸው ደብተር ሊያስገዟት ይችላሉ። ቃሉ ምላሷ ላይ ነበር።

እጇን ወደ ጋቢው ውስጥ ሰደደችና ቀኝ እጃቸውን ፈልጋ ያዘች። እጃቸው በረዶ ሆናለች።

"አይተውት ነው፣ አባ" አለች።

መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሲገልጡም፣ "ሱቅሽ ረፈደብሽ" አሏት።

"ዛሬ አልከፍትም" አለችና እጃቸውን ሳትለቅ መሬቱ ላይ አጠገባቸው ተቀመጠች።