ጠርቶ ያልጣመው አምፕ

አዘዞ ውስጥ የተበላሸ ዕቃ ይዞ የሚዞር ሰው መጨረሻው እኔ ሱቅ ነው። ቴሌቪዥን በሉት፣ የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ በሉት፣ የባጃጅ ሬዲዮ በሉት፣ እጄ ያልገባ የለም። «እስከዳር ካልቻለችው ይጣል» ሲሉ ሰምቻለሁ። እኔም ብዙ አላስተባብልም።

አያ ማሩ የጊታር ድምፅ ማጉያቸውን፣ አምፑን፣ በጋሪ አስጭነው ያመጡት የልጃቸው ሠርግ ሲቃረብ ነው። በወጣትነታቸው በከተማው የኪነት ቡድን ውስጥ ጊታር ይጫወቱ ነበር፤ ቡድኑ ሲበተን አምፑ እሳቸው ዘንድ ቀረ። የዛሬዎቹ ዓይነት አይደለም። ውስጡ ጠርሙስ የሚመስሉ አምፖሎች ተሰክተውበታል፤ ሲሞቁ ቀላ ይላሉ፣ የጊታሩን ድምፅ የሚያጎሉትም እነሱ ናቸው።

«ፀደይን ልድራት ነው። ድግሱ ጠዳ፣ አያቶቿ ግቢ ነው» አሉኝ። «ከቤት ስትወጣ እኔ ነኝ የምጫወትላት። ይኼ ግን ታሟል፤ በወንድምአገኝ ሠርግ አዋርዶኛል።»

የትልቁን ልጃቸውን የወንድምአገኝን ሠርግ ማን ያልሰማ አለ? አምፑ እንደ ተነካ የንብ ቀፎ ሲጮህ፣ ሰው ሲስቅ፣ አንዱ ከኋላ «ኧረ አጥፉት!» ሲል፣ እሳቸው ግን እስከ መጨረሻው ተጫውተው ነው የወረዱት አሉ።

«አሳምረዋለሁ» አልኳቸው።

በማግስቱ ፀደይ ራሷ መጣች። አስተማሪ ናት፤ ከክፍል ወጥታ በቀጥታ እንደመጣች እጇ ላይ ያለው ጠመኔ ይመሰክራል።

«እቴ እስከዳር፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ» አለች። «አባቴን አልተሠራም በይልኝ።»

«ምን?»

«ዕቃው ከገበያ ጠፍቷል፣ ዕድሜውም አልፏል በይው። ካንቺ ከሰማ ያምናል። ዲጄ ይዘናል። በወንድሜ ሠርግ ሰው ሲስቅበት አይቻለሁ፤ በእኔ ሠርግ ደግሞ ሲስቁበት ማየት አልችልም።» ዐይኗ እንባ አቀረረ።

አሳዘነችኝ። ከማዘኔ በላይ ግን ተቆጣሁ፤ ሰው ገና አምፑን ሳልከፍተው ተስፋ ሲቆርጥብኝ አልወድም።

«ከዚህ ቤት እንዲህ ያለ ውሸት አይወጣም። ቅዳሜ ነይና ስሚው። ካልጣመሽ ያኔ ያልሽኝን እላቸዋለሁ።»

«ቃልሽ ነው?»

«ቃሌ ነው» አልኩ፤ ሁለተኛ እንኳ ሳላስብ።

ሥራው ለእኔ ከባድ አልነበረም። ኃይል የሚያጠራቅሙትን፣ የደረቁትን ካፓሲተሮች አውጥቼ በአዲስ ተካሁ፣ የላላውን ሽቦ በየድኩ፣ የአምፖሎቹን መቀመጫ ጠራረግሁ፣ የተቀደደውን የስፒከር ወረቀት በስስ ወረቀትና በሙጫ ለጠፍኩ። አበራሁት። ጸጥ! ንቡ ጠፋ። በኩራት ተነፋፍቼ አያ ማሩን አስጠራሁ።

ጊታራቸውን ሰክተው ጥቂት ተጫወቱ። ቁልፉን አዞሩ፣ ደግመው ተጫወቱ። ከዚያ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ።

«ጠራ እንጂ አልጣመም።»

«አያ ማሩ፣ ጩኸቱ እኮ ጠፍቷል!»

«ጠፍቷል፣ እጅሽ ይባረክ። ድሮ ግን ክሩን ስነካው ድምፁ ቶሎ አይሞትም ነበር። ይለሰልሳል፣ ይቆያል፣ ስጎትተው ደግሞ ያለቅሳል። አሁን እንደ ዜና አንባቢ ሆነብኝ፤ ተናግሮ ዝም።»

ዜና አንባቢ! የዚያን ቀን ምሳ አልበላሁም። ቀደም ሲል ከቅዳሜ ገበያ የገዛሁትን አሮጌ ሬዲዮ ፈትቼ የአምፑን አምፖሎች በእሱ ቀየርኩ። ዜና አንባቢው እዚያው ነው። ስፒከሩን ቀየርኩ፤ ባሰበት፣ መለስኩት። ዓርብ ደረሰ። ቅዳሜ ፀደይ ትመጣለች፤ ካልጣማት እኔ በአፌ፣ እኚህን ሰውዬ ፊት ለፊት እያየሁ፣ አልተሠራም ልላቸው ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ አፌን ረገምኩት።

ከሱቄ ቀጥሎ የዐብዱልከሪም ወፍጮ ቤት አለ። ወፍጮው ሲነሣ የመብራቱ ኃይል ይወርዳል፣ አምፖሎቻችን ይደበዝዛሉ፤ እኔና እሱ በዚህ ስንጨቃጨቅ ኖረናል። ስለዚህ እኔ ቤት የሚፈተሽ ዕቃ ሁሉ ኃይሉን በሚያስተካክል ስታብላይዘር በኩል ነው መብራት የሚያገኘው። የዚያን ዓርብ ግን ስታብላይዘሩን የደንበኛ ቴሌቪዥን ይዞታል፤ ዐብዱልከሪም ደግሞ ጁምዓ ሊሰግድ ሄዶ ወፍጮው ጸጥ ብሏል። አምፑን በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰካሁትና ሊያዩት የመጡት አያ ማሩ እየተከዙ ጊታራቸውን ይነካኩ ጀመር።

ዐብዱልከሪም ተመለሰ። ወፍጮው ጉርርር ብሎ ተነሣ፣ መብራቱ ወረደ። እኔ ደንግጬ ሶኬቱን ልነቅል ተወረወርኩ።

«አትንኪው!» አሉ አያ ማሩ።

ቆምኩ። ዐይናቸውን ጨፍነዋል። የነኩት ክር አልሞተም፤ ለስልሶ፣ ሻከር ብሎ፣ ቆየ። ጎተቱት፤ አለቀሰ።

«ይኼ ነው!» አሉ። «ሸጋ! ይኼ ነው እንጂ!»

ያን ጊዜ ገባኝ። በእሳቸው ዘመን ማታ ማታ የከተማው መብራት ደካማ ነበር፤ አምፑ ጠግቦ አያውቅም። የወደዱት ድምፅ የረሃቡ ድምፅ ነው። እኔ ደግሞ በስታብላይዘር ሳጠግበው ሰነበትኩ!

ሮጬ ወፍጮ ቤት ገባሁ። «ዐብዱልከሪም፣ እንዳታጠፋው!»

ዱቄት የለበሰ ፊቱን አዙሮ አየኝ። «አጥፋ ስትዪኝ ኖረሽ ዛሬ አታጥፋ? ደህና ነሽ ግን?»

«ዛሬ ብቻ፣ በአላህ!»

እየሳቀ ተወው። እኔም መብራቱ ምን ያህል እንደወረደ ለካሁ። ጠዳ ወፍጮ ይዤ አልሄድ፤ ከአሮጌ ዕቃዎቼ ትራንስፎርመር ፈልጌ፣ ሽቦውን ፈትቼ እንደገና ጠቀለልኩና መብራቱን በልኩ የሚቀንስ ሣጥን ሠራሁ። ቅዳሜ ጠዋት ወፍጮው ተኝቶ እያለ ሞከርኩት። አለቀሰ። እኔም ብቻዬን እልል አልኩ።

ፀደይ መጥታ በሩ ላይ ቆመች፤ ቦርሳዋን እንኳ አላወረደችም። አያ ማሩ ሰላም ብለዋት በአምባሰል ቅኝት ጀመሩ። ድምፁ ቤቱን ሞላው። ቀስ ብላ ገብታ የቴሌቪዥን ካርቶን ላይ ተቀመጠች፣ እንባዋ ወረደ፣ አልጠረገችውም። እኔ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። «የታል የሚስቅ?» ልላት ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር።

ሲጨርሱ ቀና አለች።

«አባዬ፣ እስከዳርን አልተሠራም በይው ብያት ነበር።»

ደነገጥኩ። እኔ እስክሞት አልናገርም ነበር። አያ ማሩ መዳፋቸውን ክሮቹ ላይ አሳረፉ።

«ምነው ልጄ?»

«እንዳይስቁብህ። እንደዚያን ቀን።»

«የዚያን ቀንማ ሲስቁ ሰምቻለሁ። ጆሮዬ ደህና ነው። አምፑ እንደሚጮህም ከቤት ስወጣ አውቅ ነበር።»

«እያወቅህ? ታዲያ ለምን ልትጫወት ተነሣህ?»

«ልጄን ነዋ የዳርኩት!» አሉ፣ ጥያቄው እንደገረማቸው ሁሉ። «ይኼም ባይሠራ ላንቺ መጫወቴ አይቀርም ነበር።»

እኔ የሰውዬውን ክብር ላድን ምሳ ስዘል፣ ሽቦ ስጠቀልል ሰንብቻለሁ። ክብራቸው ግን አዳኝ አያስፈልገውም ነበር፤ እሳቸውም አልፈለጉም።

ፀደይ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። ከዚያ አፍንጫዋን ጠርጋ ስልኳን አወጣችና ዲጄው ጋ ደወለች።

«ስማኝ» አለችው፣ ተማሪ እንደምትቆጣ ሁሉ። «ከቤት ስወጣ አንተ ዝም ነው የምትለው። የሚጫወተው አባቴ ነው።»