ዓመቱን ሙሉ የሚሆን ጎማ

ባለሱቁ የፊቱን ጎማ በሁለት አውራ ጣቶቹ ሲጫነው በጎኑ ላይ ያሉት ስንጥቆች እንደ ደረቀ ከንፈር ተከፈቱ። ብስክሌቱ ሱቁ መሀል በመቀመጫውና በመሪው ተገልብጦ ቆሟል። እናትየው ስንጥቁን ስታይ ቦርሳዋን ወደ ደረቷ አስጠጋች።

"ይሄ እንኳን ተራራ ሊወጣ በሩንም አያሻግር" አለ ባለሱቁ። "መቼ ነው የቆመው?"

"አባቷ ካረፈ ወዲህ ማን ነክቶት" አለች እናትየው።

ልጅቷ ቀና አላለችም። የኋላውን ጎማ በአንድ ጣቷ እያሽከረከረች፣ "ጋሼ፣ ነገ ጠዋት ወደ ላይኛው የውሃ ታንከር እወጣለሁ። ዛሬ ማለቅ አለበት" አለች።

"ያልቃል" አለና ባለሱቁ እጁን ሊታጠብ ሄደ። ሰፈሩ "አይቸኩሌ" ያለው በከንቱ አይደለም። ሰው ትንፋሽ አጥሮት ሲገባ እሱ ሳሙና ይፈልጋል። ብስክሌት ያለው ሁሉ ግን እየተናደደም ቢሆን እሱው ጋ ይመለሳል።

የከተማዋ ውሃ የሚመጣው ከተራራው ምንጭ ነው። ቧንቧው በጫካው ውስጥ ከአንዲት የእግር መንገድ ጋር እየተጠማዘዘ ይወርዳል፤ መኪና አይገባበትም። አባትየው ዕድሜውን በዚያች መንገድ በብስክሌት ሲወጣና ሲወርድ ኖረ፤ የሚያፈስ ቧንቧ ያጠብቃል፣ መዝጊያ ይከፍታል፣ ታንከር ውስጥ አጎንብሶ ያያል። እሱ ሲሞት መሥሪያ ቤቱ ሥራውን ለልጁ ሰጠ። በጋውን በእግሯ ሠራች። ክረምት ሊገባ ሲል ግን አለቃዋ ጠርቶ፣ የላይኛውም ታንከር በየቀኑ መታየት እንዳለበት፣ እሷ መድረስ ካልቻለች የሚደርስ ሰው እንደሚፈለግ ነገራት። በማግስቱ የአባቷን ብስክሌት ከግድግዳው ሚስማር ላይ አወረደች።

እናትየው ያን ቀን ከስፌቷ ቀና አላለችም። ዛሬ ጠዋት ግን ልጅቷ ብስክሌቱን እየገፋች ስትወጣ፣ አንድ እጅጌው ብቻ የተገጠመ የሰው ቀሚስ ስፌት መኪናው ላይ ትታ ተከተለቻት።

"አንቺ ደግሞ ምን ልትሠሪ ነው?" አለቻት ልጅቷ መንገድ ላይ።

"ሲገጠም ላይ ነው። ማየት ያስከፍላል?"

በእነሱ ቤት ጎማ ተራ ነገር ሆኖ አያውቅም። አባትየው ሁለት ዓይነት ጎማ ነበረው፤ የበጋው ጥርሱ አጭር፣ የክረምቱ ጥርሱ ረጅም። ደመናው የተራራው ትከሻ ላይ ማደር ሲጀምር ብስክሌቱን ደጅ ላይ ገልብጦ የክረምቱን ይገጥማል። ጎረቤቶች ይህን ሲያዩ ያሰጡትን ልብስ ያነሳሉ፣ የሚያፈስ ጣሪያ ይደፍናሉ፣ ማገዷቸውን ያስገባሉ። "ሜትሮሎጂ ጎማ ቀየረ" ይባላል። ስሙን ትቶ በዚያ የሚጠራው ሰው ይበዛ ነበር። ሬዲዮ ተሳስቶ ያውቃል፤ እሱ ተሳስቶ አያውቅም።

የሞተ ዕለትም የተሳሳተው እሱ አይደለም፤ ሰማዩ ነው። ፀሐይ ድንጋይ በምትሰነጥቅበት ወር፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ደመና ሳያድር ዝናብ ወረደ። አባትየው በበጋው ጎማ ከላይኛው ታንከር እየተመለሰ ነበር። ከታንከሩ በታች ቀይ አፈር ያለበት መታጠፊያ አለ። የፊቱ ጎማ እዚያ ላይ ከዳው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናትየው ደመና ስታይ ብቻ ሳይሆን ደመና ስታጣም ትፈራለች።

አይቸኩሌ እጁን ጠርጎ ተመለሰ፤ ከግድግዳው ጎማዎች እያወረደ ወለሉ ላይ ደረደረ።

"እንደ አባትሽ ሁለት ዓይነት ትይዣለሽ ወይስ አንድ?"

"ሁለት" አለች ልጅቷ። "መቀያየር አያቅተኝም።"

"አንድ" አለች እናትየው። "የሚቀየርበትን ቀን ማን ይነግርሻል? አባትሽም ያውቅ ነበር።"

ልጅቷ ጎማውን ማሽከርከሯን አቆመች።

"እሺ፣ አንድ" አለች። "ግን ቀለል ያለ ይሁንልኝ። ዳገቱን የምወጣው እኔ ነኝ።"

"የምትወርጂውስ ማን ነሽ?" አለች እናትየው። ጎንበስ ብላ ከተደረደሩት ሁሉ ጥርሱ የረዘመውን አነሳች። "ይሄ ነው። ተመልከተው፣ ሚስማር የተመታበት ነው የሚመስለው። ይሄን ምን ያንሸራትተዋል?"

"ጭቃ ላይ እውነትዎን ነው፣ እትዬ። ደረቅ አለት ላይ ግን ረጅም ጥርስ ይተኛል። ሲተኛ ደግሞ ብቻውን አይደለም፤ የተሸከመውን ይዞ ነው።"

"ታዲያ ለሁለቱም የሚሆነው የታል?"

"ለሁለቱም እኩል የሚሆን የለም። ሁለቱንም የሚችል ነው ያለው።"

እናትየው ጎማውን መልሳ አስቀመጠች። ከጠዋት ጀምሮ አንድ ሰው "በዚህ ጎማ ማንም አይወድቅም" እንዲላት ስትጠብቅ ነበር። ማንም አላላትም። በበሩ በኩል አየች። ስትወጣ ጥርት ብሎ የነበረው ሰማይ ተራራው ራስ ላይ ግራጫ ሆኗል።

አይቸኩሌ የሆነ ነገር ሊናገር ፈልጎ የከበደው ይመስል ነበር። ጠረጴዛውን ጠረገ፤ ያንኑ ቦታ ደግሞ ጠረገ። በመጨረሻ መሰላል አምጥቶ ጣሪያው ሥር ከነበረ ማንጠልጠያ ላይ በወረቀት የተጠቀለለ ጎማ አወረደ።

"ይሄ የእሱ ነው" አለ።

"የማን?" አለች እናትየው፤ ገብቷት ነበር ግን።

"ያ ነገር ከመድረሱ በፊት መጥቶ ነበር። 'ሰማዩ ቀጠሮ ማክበር ትቷል፤ መቀያየሩ ይቅርና ዓመቱን ሙሉ የሚሆን ፈልግልኝ' አለኝ። አገኘሁለት። የደረሰኝ ግን ከቀብሩ በኋላ ሆነ። ለቅሶ ቤት ጎማ ይዞ አይኬድ ነገር። ልሸጠውም እጄ እምቢ አለኝ።"

እናትየው ወረቀቱን ገለጠችው። ጥርሶቹ አጭርም ረጅምም አይደሉም። ያልተነካ ጎማ ሽታ ወጣ። እሱም ፈርቶ ነበር ማለት ነው፤ ቤት ገብቶ ግን ትንፍሽ አላለም። መጀመሪያ ተናደደችበት። ቀጥሎ ቀለላት። መምረጥ ቀረላት። እሱ መርጦታል።

"አለቀ" አለች። "ይሄ ፊት ይግባ።"

"እትዬ፣ ይሄን ያዘዘው ለራሱ ነው።"

"አባት ለራሱ የመረጠው ለልጁ ያንሳል?"

አይቸኩሌ አልተከራከራትም። የተሰነጠቀውን አውጥቶ የሟቹን ጎማ ፊት ገጠመ፣ ነፋው፣ ብስክሌቱንም ወደ ጓሮ ወሰደው። ጓሮው ድንጋይ የተነጠፈበት ተዳፋት ነው፤ ብስክሌት የሚያጥበው እዚያ ነው። አንድ ባልዲ ውሃ ደፋበት።

"ቀስ ብለሽ ውረጂበት" አላት ልጅቷን።

ወረደች። የፊቱ ጎማ የአንዱን ድንጋይ ጠርዝ ሲነካ እንደ ኳስ ነጠረ፤ እርጥቡ ላይ ሲያርፍም ወደ ጎን ሸሸ። ልጅቷ እግሯን መሬት ላይ ተክላ ቆመች። እናትየው ሳታስበው እጇን ዘርግታ ነበር፤ በመሀላቸው ግን ግቢው በሙሉ አለ።

"አባትሽ ግዙፍ ሰው ነበር" አለ አይቸኩሌ። "መፍቻውና ብረታ ብረቱ ደግሞ ጀርባው ላይ። የዚህ ጎማ ጎን ድርብ ነው፤ እሱ ሲቀመጥበት ይረግብና ድንጋዩን ይጨብጣል። አንቺ ስትቀመጪበት ግን መቀመጥሽንም አላወቀ።"

"ለካ እማዬ ብዪ ብዪ ስትለኝ የኖረችው ለዚህ ነው" አለች ልጅቷ።

አይቸኩሌ ሌላ ጎማ አመጣ። ጥርሱ ያው ነው፤ ጎኑ ግን ነጠላ ነው፣ ጎማውም ለስለስ ይላል። ፈቶ እስኪገጥም እናትየው በአንድ እጇ ግድግዳውን ይዛ ቆየች። ልጅቷ እንደገና ወረደች። ጎማው ጠርዙን ሲያገኘው ገባ አለለት፤ እርጥቡንም ይዞ ቀጥ ብሎ ወረደ።

"ድገሚው" አለች እናትየው።

ደገመችው።

"አሁንም።"

"እማዬ፣ ድንጋዩ እኮ ደረቀ።"

"ውሃ ይጨመርበታ።"

አይቸኩሌ ባልዲውን ሞልቶ መጣ። በዚህ ጊዜ ልጅቷ ፈጠን ብላ ወረደች፤ እናትየውም አልከለከለቻትም።

ከዚያ እናትየው የተፈታውን የባሏን ጎማ አንስታ ጎኑን ገበር ያለው ጨርቅ እንደምትፈትሽ በሁለት ጣቶቿ መሀል አሸችው። ወፍራም ነው፣ አይታጠፍም። ብስክሌቱ ላይ ያለውንም እንዲሁ ነካችው። የሰው ትከሻና ወገብ ስትለካ የኖረች ሴት ናት፤ ለአንዱ የተሰፋ ለሌላው እንደማይሆን ለደንበኞቿ ስትነግር ኖራለች። ለራሷ ለመንገር ግን ጊዜ ወሰደባት።

"ካፖርት ቢሆን አጠብብልሽ ነበር" አለች ለልጅቷ። ወደ አይቸኩሌም ዞራ፣ "በልኳ ያለው ፊት ላይ እንዳለ ይቆይ" አለችው።

"የእሱንስ? መልሼ ልስቀለው?"

ጎማውን በሁለት እጇ መዘነችው። "የሰው ክብደት ይበልጥ የሚያርፈው የት ላይ ነው?"

"ከኋላ ነው። ድንጋይም አብዝቶ የሚመታው የኋላው ነው።"

"እንግዲያው ከኋላ ይሁን።"

"እዚያስ አይነጥርም?" አለች ልጅቷ።

"ከላዩ ላይ ተቀምጠሽበት የት ይሄዳል? ነፋሱን ትንሽ እቀንስለታለሁ።"

የድሮው የኋላ ጎማ ሲወጣ ከጥርሶቹ መሀል የደረቀ ቀይ አፈር ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ሦስቱም አዩት። አይቸኩሌ መጥረጊያ አነሳና የእናትየውን ፊት አይቶ መልሶ ሊያስቀምጠው ሲል፣ እሷ ከእጁ ተቀብላ ጠረገችው።

ሲወጡ ደመናው ከተራራው ወርዶ የከተማዋ ጣሪያዎች ላይ ደርሷል። ከሱቁ ወደ ቤታቸው የሚወስደው መንገድ ቁልቁለት ነው፤ መጨረሻው ላይ ይታጠፋል። ልጅቷ አልተቀመጠችበትም። እናቷን ላለማስፈራት ብስክሌቱን እየገፋች አጠገቧ ትራመድ ጀመር። አዲሶቹ ጥርሶች አስፋልቱ ላይ እንደ ንብ እዝ ይላሉ። እናትየው ሰማዩን አየች፤ ቁልቁለቱንም አየች። የልጅቷን ጫማ፣ ማሰሪያው መታሰሩን ጭምር አየች። ነገ ጠዋት አጠገቧ እንደማትራመድ ታውቃለች።

"ልብስ አስጥቻለሁ" አለች።

"እ?"

"ልብስ አስጥቻለሁ አልኩሽ። ከኔ ጋር ስትንቀረፈፊ ሊበሰብስ ነው? ቀድመሽ ሂጂና አስገቢልኝ።"

ልጅቷ ቆም ብላ አየቻት። ከዚያ ተቀመጠችና መሪውን ያዘች።

"የፊቱን ፍሬን ድንገት አትያዢ" አለች እናትየው።

"አልይዝም።"

ወረደች። መታጠፊያው ጋ ስትደርስ እናትየው ዓይኗን ልትጨፍን ብላ ተወችው። ብስክሌቱ ዘንበል አለ፣ ታጠፈ፣ ከዓይኗ ተሰወረ። የመውደቅ ድምፅ ይመጣ እንደሆን ጆሮዋን ሰጠች፤ የተሰማ ነገር የለም። ዝም ማለቱ ጥሩ መሆኑን ለማመን ትንሽ ቆመች። ከዚያ መራመድ ጀመረች።

ከመታጠፊያው በታች አንዲት ጎረቤት አጥሯ ላይ ተደግፋ ልጅቷ የሄደችበትን ትመለከት ነበር።

"ያቺ ልጅሽ ናት? የእሱ ብስክሌት መስሎኝ ልቤ ዘለለ።"

"የእሱ ነው።"

"እንዲህ የሚያበራት ምንድን ነው? ሊዘንብ ነው እንዴ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ" አለች እናትየው። "ጎማ ግን ተቀይሯል።"

ሴትየዋ ሰማዩን ሳታይ ልብሷን ልታነሳ ሄደች።