ባዶ ነው የተባለው ጦር ሰፈር

መሐንዲሷ እጀታውን ወደ ታች ስትጫነው የሰማችው ጸጥታ፣ በሥራ ዘመኗ ከሰማቻቸው ድምፆች ሁሉ ይበልጥ ያማረ መሰላት። በመጀመሪያ በአዳራሾቹ ኮርኒስ ላይ ከልካይ አጥተው ሲነዱ የኖሩት አምፖሎች ጠፉ፤ ቀጥሎ የማሞቂያዎቹ ትንፋሽ ተቋረጠ፤ በመጨረሻም ከመኝታ አዳራሾቹ ጀርባ፣ ከሩቅ፣ እንደ በሽተኛ ሲያቃስት የነበረ አንድ ጉርምርምታ ድንገት ዝም አለ። የተረሳ ማራገቢያ መሆን አለበት፣ አለች በልቧ። ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጡት እንግዶች አጨበጨቡ። እሷም ፈገግ አለች።

ተጠባባቂ ጦር የሚሰፍርበት ቦታ ጠባዩ ለብቻው ነው። ተጠባባቂ ማለት ሐኪሙ፣ ነጋዴው፣ አስተማሪው ነው፤ ለልምምድ ሲጠራ መጥቶ ጥቂት ሳምንታት ሰፈሩን ያጥለቀልቀዋል፣ ከዚያ የደንብ ልብሱን አውልቆ ወደየቤቱ ይበተናል። በቀረው የዓመቱ ክፍል ሰፈሩ ከዘበኞች በቀር ሰው አያይም። መብራቱ ግን የሰዎቹን መሄድ ማን ይንገረው? ባዶ አልጋ ያሞቃል፣ ማንም የማይረግጠውን መተላለፊያ ያበራል፤ ሠርገኞቹ ከተበተኑ በኋላ ብቻውን እንደሚደለቅ ከበሮ። መሐንዲሷ ይህን ከበሮ ዝም ለማሰኘት ብዙ ደክማለች። በዘበኞቹ ክፍል ግድግዳ ላይ ባቆመችው ሰሌዳ፣ አንድ እጀታ ከጥበቃ ክፍሉና ከመሣሪያ ግምጃ ቤቱ በቀር የሰፈሩን መብራት ሁሉ ያጠፋል። ከመጫኗ በፊት፣ ሰው አለመኖሩን የሰፈሩን አዛዥ ኮሎኔሉን ጠይቃ ነበር። «አንድም ወታደር የለም» አሏት። እውነታቸውን ነበር፤ ወታደር አልነበረም።

ባሏ እሷ በምትሠራበት መሥሪያ ቤት የግንባታ ዕቅድ ኃላፊ ነው፤ የእሷ ክፍል ምድር ቤት፣ የእሱ ላይኛው ፎቅ። በተጋቡ ሰሞን በአንድ የመኝታ አዳራሽ መስኮት ተጣልተው ነበር። እሱ ብርሃን ይግባ ብሎ ሰፊ አድርጎ ሣለው፤ እሷ ሙቀት ያፈሳል ብላ አጠበበችው፤ ጠቡም ከቢሮ ተሳፍሮ ቤት ገባና ከራት ገበታ ቀርቦ ተቀመጠ። ከ«ጨው አቀብዪኝ» ያለፈ ቃል ጠፋ። ያስታረቃቸው አብሯቸው የሚኖረው የባሏ ታናሽ ወንድም ነው፤ ቁመቱ ከበሩ መቃን ስለሚያልፍ ዘመድ ሁሉ «ጉልላት» የሚለው፣ ተቋራጭ ዘንድ ተቀጥሮ የሚሠራ ፎርማን።

«ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት ሲሚንቶም ቆጣሪም አይነሳም» ብሎ ደነገገ። «ጫማና ቢሮ በር ላይ ይወልቃሉ። አፉን ያዳለጠው ዕቃ ያጥባል።»

ሕጉ ትዳሩን አዳነው። ከዚያ ወዲህ ባሏ የትኛው ሰፈር እንደሚያስቆፍር እሷ አታውቅም፤ እሷ የትኛውን እንደምታጠፋ እሱ አያውቅም። ወረቀቶቻቸው እንኳ እንደ ባለቤቶቻቸው ሆነው፣ ሳይነጋገሩ ጎን ለጎን ኮሎኔሉ ጠረጴዛ ላይ ያድሩ ነበር።

በዚያው ዕለት ጧት ቁርስ ላይ ጉልላት ጆሮውን እየኮረኮረ፣ «ይሄ ፓምፕ እኮ ሊያደነቁረኝ ነው፤ ተኝቼ ሁሉ ይሰማኛል» ማለት ሲጀምር፣ ባልና ሚስት በአንድ አፍ «ሕግ!» አሉት።

«በራሴው ሕግ?»

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ የሚባለው ሌላ ቤት ነው» አለችው መሐንዲሷ። «እዚህ ንጉሥም ይከሰሳል። ዕቃው ያውልህ።»

ጉልላት እጅጌውን እየሰበሰበ ተነሣ። «ጉድጓድ አርቀህ አትማስ፣ ማን እንደሚገባበት አይታወቅም ያሉት ለኔ ነው እትዬ» አለ፤ ብርጭቆዎቹንም አጥቦ፣ አንድ በአንድ ደፍቷቸው ወጣ።

አሁን ኮሎኔሉ እንግዶቻቸውን ነጭ ጨርቅ ወደ ለበሰው የሻይ ጠረጴዛ መርተዋል። «ባዶ ቤት መብራት ማጥፋት ይህን ያህል ጥበብ ይጠይቃል እንዴ?» አለ አንደኛው እንግዳ። «እናቴ በጣቷ ነው የምታጠፋው።»

«እናትዎ ስንት አዳራሽ አላቸው?» አለችው መሐንዲሷ፤ ተሳሳቁ።

ሳቁ ሳያልቅ አንድ ሰው በሩን በርግዶ ገባ። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው፤ በራሱ ላይ የግንበኛ ቆብ አጥልቋል። መሐንዲሷ ከሚናገረው ቀድማ መልኩን ለመረዳት ታገለች፤ ባዶ በተባለ ሰፈር ውስጥ ይህ ሰው ከየት በቀለ?

«ኮሎኔል፣ ጉድጓዱ ተደርምሶ ሰው ይዟል። ፓምፑ ቆሞ ነው።»

«የምን ጉድጓድ?» አለች።

የኮሎኔሉ ፊት አመድ መሰለ። «የውሃ ማጠራቀሚያው ነው። አዲስ መኝታ ቤት እየተሠራ... ተጠባባቂዎቹ በሌሉበት ይቆፈር ተባለ። መብራቱንም ከአዳራሹ እንዲስቡ እኔ ነኝ የፈቀድኩት።» ወደ መሐንዲሷ ዞሩና፣ «የእርስዎ ጉዳይና የእነሱ ጉዳይ የሚገናኝ አልመሰለኝም» አሉ።

ያን ጊዜ ከአዳራሾቹ ጀርባ ያቃስት የነበረው ድምፅ በጆሮዋ ተመልሶ መጣ፤ ከመቋረጡ ጋር። ሰፈሩ ባዶ የሚሆንበት ወቅት ለእሷ የማጥፊያ፣ ለግንበኞቹ የመቆፈሪያ ወቅት ነበር። ሁለት ክፍሎች አንዱን ባዶነት ተሻምተውታል። ጽዋዋን የት እንዳኖረች ሳታውቅ ወደ ጥበቃ ክፍሉ ሮጠች፤ ኮሎኔሉና ባለጭቃው ሰው ተከተሏት። እጀታውን ጨበጠች። ወደ ላይ ልትገፋው ስትል ግን አንድ ጥያቄ እጇን ያዘው።

«ፓምፑ የት ነው ያለው?»

«እታች» አለ ሰውዬው እያለከለከ። «ቆሻሻ የዘጋው መስሎት ፎርማናችን እኛን አስወጥቶ ብቻውን ወረደ። የፓምፑን አፍ በእጁ ሲጠርግ ግድግዳው መጣበት። አፈሩ እስከ ወገቡ ይዞታል፤ ውሃው ደግሞ እየወጣ ነው።»

«ገመዱስ? የመብራቱ ገመድ?»

«አብሮ ተቀብሯል። ይበጠስ አይበጠስ ማን አየው።»

ፍም እንደ ነካ ሰው እጇን ከእጀታው ላይ አነሣች።

«ምን ይጠብቃሉ ኢንጂነር? ያብሩት እንጂ» አሉ ኮሎኔሉ።

«አይበራም።»

«ሰው እየሰጠመ ነው።»

«ገመዱ ተበጥሶ ከሆነ፣ ሳይሰጥም እገድለዋለሁ።»

«የዚህ ሰፈር አዛዥ እኔ ነኝ። አብሪ ብያለሁ።» «እርስዎ»ው ከአፋቸው ወድቆ ቀረ። መሐንዲሷ የሰሌዳውን መዝጊያ ከፍታ ዋናውን ፊውዝ ከነሸክላው ነቀለችና በጡጫዋ ውስጥ ጨበጠችው። ጀርባዋን ለሰሌዳው ሰጥታ ቆመች።

የጠረጴዛው ስልክ ጮኸ። ዘበኛው አነሣና፣ «የግንባታ ዕቅድ ኃላፊው ናቸው» ብሎ ግራ ተጋብቶ ወደ ሁሉም ዘረጋው። እሷ ተቀበለችው።

«ከጉድጓዱ ደውለውልኝ ነው፤ ፓምፑ ለምን ቆመ? መብራቱን የያዘው ማን ነው?» አለ ባሏ፤ ማን እንደሚሰማው ሳያውቅ።

«እኔ ነኝ።»

«አንቺ? እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?»

«መብራት አጠፋሁ።»

«እታች ያለው ጉልላት ነው» አለ።

ፎርማን ብዙ ነው፣ ፓምፕም ብዙ ነው ብላ ራሷን አጽናንታ ነበር፤ ያ ሁሉ ብልሃት አሁን ፈረሰ። የሰው አእምሮ መከራ ሲገጥመው የት እንደሚሸሸግ እንግዳ ነገር ነው፤ የእሷ በወጥ ቤቱ መደርደሪያ ላይ ጧት ተደፍተው ወደቀሩት ብርጭቆዎች ሸሸ። ውሃቸው ደርቆ ይሆን? የክፍሉ ግድግዳ፣ የኮሎኔሉ ከንፈር፣ የዘበኛው ባርኔጣ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ በጣም ጥርት ብሎ፣ በጣም ሩቅ ሆኖ ታያት።

«አብሪው» ይላል ባሏ። «ያ ፓምፕ ካልተነሣ ውሃው ይውጠዋል። እለምንሻለሁ፣ በናትሽ አብሪው።»

«ገመዱ ውሃው ውስጥ ነው። እጁ ፓምፑ ላይ ነው።»

«ለመበጠሱ እርግጠኛ ነሽ?»

«አይደለሁም። ካልተበጠሰ ያድነዋል፤ ከተበጠሰ ይገድለዋል። አላውቅም። አላበራም።»

የባሏ ድምፅ ድንገት የሥራ ድምፅ ሆነ፤ በቤቷ ሰምታው የማታውቀው ድምፅ።

«ዛፍ የሚያጠጣ የውሃ ቦቴ አላችሁ?»

«በር ላይ ቆሟል።»

«የራሱ ሞተር አለው፤ መርጨት ብቻ አይደለም፣ ይስባልም። ወደ ጉድጓዱ ይወሰድ። በአዳራሾቹ በኩል እንዳይጠጋ፤ ክብደቱ የቀረውን ግድግዳ ያወርደዋል። በኮንክሪቱ መንገድ ዞሮ፣ ራቅ ብሎ ቱቦውን ይዘርጋ። ሳንቃ ካለ በዙሪያው ያስደግፉ። እኔ መጣሁ።»

ቃል በቃል ደገመችላቸው። ኮሎኔሉ የሚፈጽሙት ትእዛዝ በማግኘታቸው እንደ ተፈቱ ሁሉ ሮጠው ወጡ። ባልና ሚስቱ ከተጋቡ ወዲህ ስለ ሥራ ሳይጣሉ የተነጋገሩት ይህ የመጀመሪያው ነበር።

መሐንዲሷ ወደ ጉድጓዱ አልሄደችም። ልቧ ከእሷ ቀድሞ ሄዷል፤ እግሯ ግን ከሰሌዳው ሥር አልተነቀለም። ስትወጣ አንድ ቅን ሰው፣ ሊያድን የሚቸኩል ሰው፣ መለዋወጫ ፊውዝ ፈልጎ ሊሰካ ይችላል። ገዳዩ ክፋት እንዳልሆነ ዛሬ ከራሷ ተምራለች። ስለዚህ ዓይኗ ሳያይ በጆሮዋ ተከተለችው፤ የቦቴው ሞተር ሲነሣ፣ ጎማው በኮንክሪቱ ላይ ሲንከባለል፣ ሰዎች «ሳብ፣ ቀስ፣ ቀስ» ሲሉ፣ አካፋ ሳንቃ ሲመታ። የጉልላትን ድምፅ ከመካከላቸው ለመለየት ጣረች፤ አልተለየላትም። ከዚያ ሞተሩ ጠፋ፤ ድምፁ ሁሉ በአንድ ጊዜ ቆመ።

ቅድም ያማረ የመሰላት ጸጥታ ይኸው ነበር። አሁን ምን እንደሚል ሊተረጉምላት የሚችል ሰው አልነበረም።

ባለጭቃው ሰው በሩ ላይ ቆመ። «ወጣ» አለ።

«እንዴት... እንዴት ሆኖ?»

«እየተሳደበ።»

ግድግዳውን ተደግፋ ወጣች። ጉልላት ከጉድጓዱ አፋፍ ርቆ በሳንቃ ላይ ተጋድሟል፤ ከእንግዶቹ ጠረጴዛ በተገፈፈው ነጭ ጨርቅ ጠቅልለውታል፤ ጨርቁ ግን ለቁመቱ አልበቃም፣ ሁለቱም እግሮቹ ወጥተዋል። አንደኛው እግሩ፣ እግር በማይዞርበት አቅጣጫ ዞሯል። ከንፈሩ ጠቁሮ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። ሲያያት ተገረመ።

«እትዬ! አንቺን ደግሞ ማን ጠራሽ?»

ከጎኑ ተንበረከከች።

«ሕግ ልጣስ?» አላት።

«ጣስ።»

«ያ ፓምፕ ዝም ሲል እኮ... ደስ ነው ያለኝ። ልጆቹን ‹ተመስገን፣ ጆሯችን ዐረፈ› አልኳቸው። ፈገግ እያልኩ ነው የወረድኩት።» ሊስቅ ሞከረ፤ ቅዝቃዜው ሳቁን ቆራረጠበት።

«እኔም» አለች።

«ምን እኔም?»

«እኔም ሲቆም ሰምቼው ነበር። እኔም ፈገግ አልኩ።» ጡጫዋን ለመክፈት ጣቶቿን በሌላው እጇ አንድ በአንድ ማንሣት ነበረባት። ፊውዙ መዳፏ ላይ ነጭ ሆኖ ታየ፤ ጠርዙ ሥጋዋ ውስጥ ገብቶ ነበር።

ጉልላት ፎርማን ነው፤ ምንነቱን ለመጠየቅ አላስፈለገውም። ከመዳፏ ወደ ፊቷ፣ ከፊቷ ወደ መዳፏ ተመለከተ። የሳቁ ቅሪት ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ሲለቅ አየችው፤ በቦታው የተተካውን ግን ልታነበው አልደፈረችም። ከሰፈሩ በር በኩል የባሏ መኪና ሲገባ ተሰማ፤ ሳይዘጋ የቀረ የመኪና በር፣ የሚሮጥ እግር።

ጉልላት ጭቃ የለበሰውን ረጅም እጁን ከጨርቁ ሥር አወጣ።

«አምጪው» አላት። «ወንድሜ ሲመጣ ባንቺ እጅ አያግኘው፤ እኔ ጋ ይሁን።»