ለዳገት የሚሆነው

«ይተዉት አባባ፣ ከባድ ነው፤ እኔ ላንሳልዎ።»

ሻጩ ይህን ሲል የደን ጠባቂው ብስክሌቱን ከነባትሪው ከመደርደሪያው አውርዶ መሬት አስቀምጦት ነበር። ገና ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ሱቁ ከገባ ወዲህ «አባባ» ሲባል ይህ አራተኛው ነው።

ፊቱ ሁለት የኤሌክትሪክ የተራራ ብስክሌቶች ቆመዋል። ሁለቱም ጥቁር፣ ሁለቱም ሰፋፊ ጎማ ያላቸው፣ ባትሪያቸውም እኩል። የአንዱ ሞተር ፔዳሉ ጋ፣ የሌላው የኋላ ጎማው ላይ መሆኑ ብቻ ይለያቸዋል። ሃያ ስድስት ዓመት በእግሩ የወጣውን ተራራ አሁን ጉልበቱ እየከዳው እኩሌታው ላይ ሳይቀመጥ አይወጣውም። ብስክሌት ያማረው ለዚህ ነው።

«የቱ ይሻላል?» አለች አብራው የመጣችው ልጁ። የጠየቀችው ሻጩን ነው።

«ለእሳቸው ከሆነ ሞተሩ ከኋላ ያለው። መርገጥ እንኳ አያስፈልጋቸውም፤ እጀታውን ጠምዘዝ ማድረግ ነው።»

«ዳገት ላይስ?» አለ አባት።

ሻጩ መልሱን ለልጅቷ ሰጠ። «ዳገት ካልበዛ ምንም አይላቸውም።»

«አይበዛም፤ ከቤት እስከ በሩ ሜዳ ነው» አለች ልጅቷ።

«የምን በር?» አለ አባት።

ልጅቷ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ መልሳ አወጣችው። «አባዬ፣ እዚህ አንነጋገር።»

«የምን በር ነው ያልኩሽ?»

«አለቃህን አነጋግሬዋለሁ። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ የደኑ ዋና በር ላይ ትቀመጣለህ፤ የሚገባ የሚወጣውን መመዝገብ ብቻ ነው። ባለፈው ተራራው ላይ ስትወድቅ ማን ነበር አጠገብህ?»

«እሱስ ምን አለ?»

«ደስ አለው።»

ፊቱ በአንዴ ጋለ። ባለፈው ሳምንት አለቃው ትከሻውን መታ መታ እያደረገ «አይዞህ፣ እናስብልሃለን» ያለው ለካ ይህን ኖሯል። ተመካክረው፣ ተስማምተው ጨርሰዋል፤ የቀረው የእሱ መስማት ብቻ ነበር።

«ሞቻለሁ እንዴ፣ በኔ ነገር ያለ እኔ የምትመክሩት?» ድምፁን ከፍ አላደረገም። ወደ ሻጩ ዞረ። «ሁለቱንም ልሞክራቸው።»

ከሱቁ ጀርባ ወደ ውሃ ታንከሩ የሚወጣ ኮረኮንች መንገድ አለ። መጀመሪያ ሞተሩ ከኋላ ያለውን ወሰደ። ሜዳው ላይ ተስፈንጥሮ ሄደ፤ የዳገቱ ወገብ ላይ ግን እያቃሰተ ቀዘቀዘና ቆመ። እየገፋ መለሰው። ሁለተኛውን ሲረግጥ ሞተሩ ከእግሩ ጋር አብሮ ገፋ። ጉልበቱን አመመው፤ ቢሆንም ወጣ። ከታንከሩ ኋላ፣ ሰው በማያየው ቦታ ቆሞ ጉልበቱን አሸት አሸት አደረገና ወረደ።

«ይሄን።»

«አባባ፣ ይሄ እኮ መርገጥ ይፈልጋል።»

«እግር አለኝ። አባባም አትበለኝ።»

ልጅቷ ካርዷን ስታወጣ እጇን ወደ ቦርሳዋ መለሰውና ራሱ ከፈለ።

ደጅ ሲወጡ የመኪናዋን የኋላ በር ከፈተች። «ና እንጫነው» አለች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «ተቀየምከኝ?»

«አዎ።»

የሚያስከትለው ነገር ያለ መስሏት ጠበቀች። እሱ ጎንበስ ብሎ የሱሪውን ጫፍ ካልሲው ውስጥ ከተተ፤ ብስክሌቱ ላይ ወጣ። ቤታቸው በስተቀኝ ነው። በስተግራ ያለው የአለቃው ቢሮ ሊዘጋ ገና አንድ ሰዓት ይቀረዋል፤ መሪውን ወደ ግራ አዞረ።