የሳሙናው ዜማ

«ዘፈኑማ የእሳቸው ብቻ አይደለም፣ የአገር ነው» አለ የባህል ቢሮው ሰውዬ ሻዩን ፉት ብሎ። «ነገ መታሰቢያቸው ላይ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ ይዘምረዋል። የቤተሰቡን እሺታ ብቻ ነው የምንፈልገው።»

«አይሆንም» አለች የሟች ልጅ።

«አንቺ ልጅ!» አጎቷ ተቆጣ። «ሰው ክብር ይዞ ሲመጣ እንዲህ ይባላል?»

«ጋሼ፣ አባዬ እኮ ዘፈኑ ሬዲዮ ላይ ሲመጣ ተነስቶ ያጠፋው ነበር። ታክሲ ውስጥ ከሰማው መንገድ ላይ ይወርዳል።»

«ትሕትና ነው» አለ ሰውዬው።

«የምን ትሕትና! የሳሙና ማስታወቂያ ነበር።»

አንድ ለቀስተኛ ሳቁን በሳል ሸፈነ።

አባቷ አኮርዲዮን ተጫዋች ነበር። ዜማውን የሠራው ለሳሙና ፋብሪካ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጓሮ ቧንቧው ሥር ፀጉሯን እያጠበ «አረፋ በአረፋ፣ እድፉ ይጥፋ!» ይላት ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ ባለሥልጣኖች ዜማውን ወደዱት፤ ግጥሙን ብቻ ቀየሩት። «ጠላት ይጥፋ» ሆነ። አባቷ አደባባይ ላይ ተጫወተው፣ ተጨበጨበለት፣ ደስም አለው፤ ይኼን ራሱ ነው የነገራት። የሰፈሩ ጎረምሶች እሱኑ እየዘፈኑ የጭነት መኪና ላይ ተሳፈሩ። መንግሥት ተለወጠና አዲሶቹ «ድህነት ይጥፋ» አሉበት። ዜማው ጡረታ የለው። አባቷ ግን መኪኖቹ ባዶ ከተመለሱ ወዲህ ፀጉሯን ሲያጥብ አይዘፍንም ነበር።

«የኔም ልጅ እሱን እየዘፈነ ነው የሄደው» አለች ጥግ የተቀመጠችው ጎረቤት።

የሰውዬው ፊት በራ። «አዩ እናቴ! ታሪክ ማለት ይኼ ነው። ነገ መድረክ ላይ ወጥተው ቢናገሩልን?»

«አልተመለሰም እኮ።»

«ለአገር ነው፣ እናቴ» አለና ከሳህኑ ብስኩት አነሳ።

ሰውዬው ፍርፋሪውን ከክራቫቱ ላይ አራግፎ ወደ አጎቷ ዞረ። አጎቷ አንገቱን ነቀነቀ፤ በቃ፣ እሺ ተባለ። ሰውዬው ደጅ ወደቆመችው የቢሮው መኪና ደውሎ «እስቲ ሞክሩት» አለ፤ ጣሪያዋ ላይ የታሰረው ድምፅ ማጉያ በዘፈኑ አንባረቀ። የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ። ልጅቱ ስታይ የአጎቷ እግር ምንጣፉ ላይ ምቱን እየጠበቀ ይመታል። ከጎኑ ያሉትም እግሮች እንደዚያው።

ተነስታ ወደ ጓሮ ወጣች። ሻሿን ፈታ ቧንቧው ሥር ጎንበስ አለች፤ ፀጉሯን አርሳ ውሃውን ዘጋችና ልብስ ማጠቢያውን ሳሙና ፀጉሯ ላይ ትፈትገው ጀመር። ዘፈኑ አጥር ዘልሎ ተከተላት። አረፋው በግንባሯ ወረደ።

ጎረቤቲቱ ከኋላዋ መጥታ ጣሳ ሙሉ ውሃ ቀድታ ቆመች።

«ልጄ፣ ዓይንሽ ውስጥ እየገባ ነው። ላፍስልሽ?»

«ትንሽ ይቆዩ፣ እትዬ» አለች ልጅቱ፣ ዓይኗን ሳትጨፍን።