ፋቲሃ የተቀራበት መሬት

ባድሩ የአባቱን ክላሽ የት አኑሮት ይሆን? ትናንት ማታ ጎተራውን በረበርኩ፣ የአልጋውን ሥር በእጄ ዳበስኩ፤ የለም። ልጠይቀው ደግሞ ፈራሁ፤ ያላሰበውን ማሳሰብ እንዳይሆንብኝ።

ልጄ ኑርዬ በጦርነቱ ሲሞት ለልጁ ለባድሩ የተወለት ያንን ጠመንጃና አርዲቦ ሐይቅ ዳር ያለችውን መሬት ነው። ከተፈናቀልንበት ስንመለስ ጎረቤታችን ሙአዊያ መሬቷን አርሶ ቆየን። "ኑርዬ በቁሙ ሰጥቶኛል" ብሎም ከሰሰ። ሽማግሌ ገባ። ሼህ ዘይኑልአቢዲን ዋርካው ሥር አስቀምጠው አስታረቁን። ሙአዊያ መሬቱን ሊለቅ፣ ክሱንም ሊያነሳ ቃል ገባ፤ ፋቲሃ ተቀራ፣ ሁላችንም አሚን አልን። እኛ አገር ፋቲሃ ከተቀራ ወዲያ ማን ክስ ያስባል? ባድሩም በፍርድ ቤቱ ቀጠሮ ቀን ማሳው ላይ ሲያርም ዋለ። ሙአዊያ ግን ፍርድ ቤት ቀረበና ባድሩ በሌለበት ተፈረደበት።

ይህንኑ ሰምተው የነገሩን ራሳቸው ሼሁ ናቸው። "አብሽር ልጄ፣ ፍርድ ቤት አትሂድ፤ ራሱ እንዲያነሳው አደርገዋለሁ" አሉት። ባድሩም የሽማግሌ ቃል አይረገጥም ብሎ ጠበቀ። ረመዳን ገባ፣ ረመዳን ወጣ፤ ሙአዊያ ዛሬ ነገ እያለ ሼሁን አመላለሳቸው።

በመጨረሻ ባድሩ ሐይቅ ከተማ ሄዶ አንድ ማመልከቻ ጸሐፊ አማከረ።

"ውሳኔውን መቼ ነው የሰማኸው?"

"ከረመዳን በፊት።"

"አለቀልሃ! በሌለሁበት የተፈረደው ይነሳልኝ የሚባለው በሰሙ በወሩ ነው።"

"ታርቀናል እኮ! ፋቲሃ ተቀርቷል!"

"ፍርድ ቤቱ አሚን አላለማ!" ብሎ ሳቀበት። "ገና አሁን ነው የሰማው ብሎ የሚምልልህ ሽማግሌ ካለህ ይዘህ ና።"

ዛሬ ጠዋት ሼሁን ቤት ጠራቸው። ነገ የፍርድ ቤት ሰው መጥቶ መሬቷን ለሙአዊያ ያስረክባል።

"ሼህዬ፣ አንዲት ቃል ናት። ባድሩ የሰማው አሁን ነው ይበሉልኝ።"

"የነገርኩህ እኔ ሆኜ፣ ልጄ?"

"ጠብቅ ባይሉኝ እኮ ያኔውኑ እሄድ ነበር!"

"አዎ፣ ጠብቅ ያልኩህ እኔ ነኝ። ይህንን ዳኛው ፊት ቆሜ እናገራለሁ። በቁርአን ግን በውሸት አልምልም።"

"ሙአዊያ አሚን ብሎ ሲከዳ ምን ሆነ? ይኸው መሬቴን ሊረከብ ነው!"

"ባድሩ! አፍህን ሰብስብ!" አልኩ።

ሼሁ አቀርቅረው መቁጠሪያቸውን ጨበጡ።

ይህን ጊዜ ሙአዊያ በደጃችን ሲያልፍ ተጣራ፤ "ባድሩ! ነገ ስንመጣ ቦዩን ጠርገህ ጠብቀን እሺ!" ሳቁ እስከ ታች ቁልቁለቱ ድረስ ይሰማ ነበር።

ባድሩ ተነሳ። ፊቱ ላይ ቁጣ ባይ ይሻለኝ ነበር፤ ምንም የለበትም።

"የኔ ሆድ፣ ከሼህዬ ጋር ሂዱና እውነቱን ለዳኛው ንገሩ። ማን ያውቃል፣ ያዝን ይሆናል። ባይሆንም መሬቱ ይቅር፤ አንተ ኑርልኝ" አልኩት።

ያ ልጅ እንደ አባቱ ዱላውን ሳይዝ ደጃፍ ተሻግሮ አያውቅም። ዱላው ከበሩ ጥግ ቆሟል። ባዶ እጁን አለፈው፤ ወጥቶም ወደ ጭድ ክምሩ ዞረ። እዚያ አልፈለግኩም ነበር።